የቀን ክፍያ ወይስ የወር ደሞዝ?

ድሬ ላይ ሰው "እኔ የቀን ሰራተኛ ነኝ፣ ህጉ እኔን አይመለከተኝም" ሲል ስሰማ ያናድደኛል፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ የቀኑንም የወሩንም ክፍያ ደመወዝ ነው የሚላቸው፣ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰአት ለሁለቱም ነው፣ በቀን ብርሃን የሚሰራ ኦቨርታይምም (ትርፍ ሰአት) ለሁለቱም 1.5 እጥፍ። ትልቁ ልዩነት በዓል ላይ ነው የሚመጣው። ሳቢያን ያለ የወር ደሞዝተኛ አረፋን ቤቱ ቢውል ሳንቲም አይቆረጥበትም፣ በቀን የሚከፈለው ግን የሚያገኘው በውሉ ወይ በህብረት ስምምነቱ (የሰራተኛ ማህበሩ ከአሰሪው ጋር በሚፈራረመው) የተወሰነውን ነው፣ ያ ከሌለ ጭቅጭቅ ነው፣ ወንድሜ መጋላ ግንባታ ላይ ሲሰራ ኢድን ያለ ክፍያ ነው ያለፈው፣ ልጆች እያሉት። የቀኑ ጥሩነት ብሩ ቶሎ እጅ መግባቱ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የወሩን ነው የምለው፣ በቀን የምትገቡ ደግሞ ሳትፈርሙ በፊት የበዓሉን ነገር ውሉ ላይ አስጽፉት።