ኑዛዜያችሁ «እኛ» ብሎ ከጀመረ አውጥታችሁ አንብቡት

አባቴ ለኑዛዜ 12 ሺህ ብር ከፍሎ ያለ ኑዛዜ ሞተ። ወረቀቱማ አለ። እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማኅተም አለው፣ ጥጉ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበታል፣ ላየው ሰው የሚኒስትር ሹመት ነው የሚመስለው። ፍርድ ቤት ግን ዋጋ የለውም አለን።

በ2011 አባቴን ሲያመው አንድ የሰፈር ሰው ፒያሳ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ቢሮ ካለው «የሕግ ባለሙያ» ጋር አገናኘው። ከረባት ያሰረ፣ ግድግዳው ላይ ዲፕሎማ የሰቀለ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት፣ ልጆችዎ ፍርድ ቤት አይመላለሱም» አለው። የጥብቅና ፈቃድህን አሳየን ያለው የለም። እኔም አብሬ ነበርኩ፣ አልጠየቅኩም። በኋላ ስናጣራ ጠበቃ ሳይሆን ጉዳይ አስፈጻሚ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሌላ ሰው ኑዛዜ ከፍቶ ስም እየቀየረ ነው የጻፈልን፤ እንደውም የማናውቃት ሴትዮ ስም አንድ ቦታ ሳይጠፋ ቀርቶ እኛው አሳይተነው አጠፋው። ያኔ መንቃት ነበረብን። ስቀን አለፍነው።

ወረቀቱ «እኛ ባልና ሚስት» ብሎ ይጀምራል። ያቺ «እኛ» ናት የበላችን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 858፣ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ከተናዘዘ ኑዛዜው ፈራሽ ነው ይላል። ባልና ሚስትም ቢሆኑ ያው ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ለብቻው ነው የሚናዘዘው። ይሄ ባይኖርም በሌላው ይወድቅ ነበር። ተናዛዡ ራሱ በእጁ ያልጻፈው ኑዛዜ በቁጥር 881 መሠረት በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ መደረጉና ቀኑም እዚያው ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ከዚያ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። የኛ ምስክሮች ሁለት ነበሩ፣ አንዷ የሰውየው ጸሐፊ። ተነበበ የሚል ቃል የትም የለም።

አባቴ የፈለገው እማዬ ስድስት ኪሎ ያለው ቤት ውስጥ ሳትነካ እንድትኖር ነበር። ኑዛዜው ሲወድቅ ነገሩ ወደ ሕጉ ድልድል ሄደ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ሚስት በሕግ ወራሽ አይደለችም። ቤቱ የጋራ ስለነበር ግማሹ የራሷ ነው፤ የአባቴ ግማሽ ግን ለአምስታችን ልጆቹ እኩል ሆነ፣ ለእያንዳንዳችን የቤቱ አንድ አስረኛ መሆኑ ነው። ታላቅ ወንድሜ ድርሻዬ ይሸጥልኝ ብሏል። አልፈርድበትም፣ ዕዳ አለበት። ግን አንድ አስረኛ ቤት እንዴት ይሸጣል? የማድ ቤቱን በር ነቅሎ ይወስዳል? እማዬ ደግሞ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር ገዢ የመጣ ይመስላታል።

የነፍስ አባቱ ጭምር «ቤቱ የሷ ነው» ሲል ሰምተውታል። እሱም አልሆነም። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚትነት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው የሚሠራው። በ500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ።

ሰውየውንም ፈልገነው ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ሕንጻውም ፒያሳ ሲፈርስ አብረው ሄደዋል። ስልኩ አይሠራም።

አሁን ጠበቃ አትያዙ እያልኩ አይደለም። ከሁለት ትዳር ልጆች ካሏችሁ፣ ወይ አንዱን ልጅ ከውርስ ልትነቅሉ ካሰባችሁ (ምክንያቱ ኑዛዜው ውስጥ ካልተጻፈ አይጸናም) ፈቃድ ያለው ጠበቃ ገንዘቡ ይገባዋል። እንደኛ ቀላል ለሆነው ግን ውልና ማስረጃ መሄድ ይቻላል፤ እዚያ አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ (ሰነድ የሚያረጋግጠው ሹም) ከሆነ በአራት ፈንታ ሁለት ምስክር ይበቃል። ምስክር የሚሆነው ግን ከኑዛዜው የሚያገኝ ሰው አይሁን፣ ለሱ የተሰጠው ይቀርበታል።

ሌላው መንገድ በነጻ ነው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጻችሁ፣ ሙሉውን በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ማኖር። ምስክር አያስፈልገውም። ግን በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፣ ፍራሽ ሥር ደብቃችሁ እንዳትረሱት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አባቴ 31 ዓመት አስተማሪ ነበር፣ የእድሩን መዝገብ በእጁ የሚጽፈውም እሱ ነበር። ጽሕፈቱ ሲያምር! አንድ ደብተር ወረቀት ገንጥሎ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ይበቃው ነበር። ከረባት ላሰረ ሰው 12 ሺህ ብር ቆጥሮ ሰጠ፣ ደረሰኝም አልተቀበለም።

ባለፈው ሳምንት እማዬን የራሷን ግማሽ እንድትናዘዝ ውልና ማስረጃ ወሰድኳት። ከመፈረሟ በፊት መነጽሯን አውጥታ የመጀመሪያውን መስመር ሁለቴ አነበበችው። «እኔ» ነው የሚለው፣ አይደል? አለችኝ።