«ሙሉ የታይሮይድ ፓኬጅ» ከመክፈላችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ «ሙሉ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ምርመራ በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ታናሽ እህቴ ፀጉሯ እየረገፈ፣ ድካም ድካም እያላት ተቸገረች። ሐኪም ሳያያት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ላቦራቶሪ ሄደች። ስድስት ምርመራ ባንዴ፣ ከ4,000 ብር በላይ። ደም ሲቀዱ «ምን ትወስጃለሽ?» ያላት የለም። ማታ ውጤቱ በቴሌግራም መጣ። ቲኤስኤች 0.05፣ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ የሚያመነጨው ሆርሞን) ከፍ ያለ፣ ሁለቱም ጎን ቀይ ቀስት። «ታይሮይድሽ ከልክ በላይ እየሠራ ነው፣ ቶሎ መድኃኒት ጀምሪ» አሏት። ስታለቅስ አደረች።

ቲኤስኤች ከታይሮይድ አይመነጭም። አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ እጢ የሚላክ የ«ሥራ!» ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይጨምራል፣ ሥራ ሲያበዛ ይቀንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለበጥበታል። የአዋቂ ልኩ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው፤ እንደ ላቦራቶሪው ትንሽ ይለያያል፣ ለነፍሰ ጡርም ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ እሱ ብቻ ይበቃል። ሌላው የሚታዘዘው እሱ ከልክ ሲወጣ ወይም ሐኪሙ የጠረጠረው ነገር ሲኖር ነው። ፓኬጁ ውስጥ የከተቱት ሪቨርስ ቲ3 የሚባለውማ ለብዙው ታካሚ ምንም አይፈይድም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሯ ከወረቀቱ በፊት የእህቴን እጅ ያዘች። አይንቀጠቀጥም። የልብ ምቷም ደህና ነው። «የምትወስጂው ቫይታሚን አለ?» እህቴ አክስታችን ከአሜሪካ የላከችላትን የፀጉርና የጥፍር ክኒን ከቦርሳዋ አወጣች። ባዮቲን፣ 10,000 ማይክሮግራም። ለአዋቂ በቀን 30 ይበቃል! ባዮቲን ሲበዛ አንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ያሳስታል፤ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ፍሪ ቲ4ን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ስለዚህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። ክኒኑን አቁማ በሳምንቱ ቲኤስኤች ብቻ ተለካች፤ 2.1።

ላቦራቶሪውን ስንጠይቅ «ማሽኑ ያወጣውን ነው የሰጠናችሁ» ብለው ሸኙን። ብሩስ ይቅር። ሊያስጀምሯት የነበረው መድኃኒት ግን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል።

እባካችሁ፣ የፀጉር ቫይታሚን የምትወስዱ ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን ቀድማችሁ አቁሙ። ክኒናችሁ ብዙ ባዮቲን ያለው ከሆነ ስንት ቀን እንደሚበቃ ሐኪም ጠይቁ። የታይሮይድ መድኃኒት መጠን የተቀየረላችሁም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ «ና ተለካ» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሐኪማችሁ ካላዘዘ በቀር። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደግሞ የምትውጡትን ሁሉ ከነዕቃው ይዛችሁ ሂዱ።