ጠመንጃዬን ከሞረድ ላዳኑልኝ ሰው፣ እግዜር ይስጥልኝ

ዴንቨርና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ አደን የምትወጡ፣ ወይም ከሰው የተረከባችሁት አሮጌ ጠመንጃ ቁም ሳጥን ውስጥ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ የከረመ ነገር ስለሆነ ባጭሩ አልወጣልኝ አለ።

የማያውቀኝ ካለ፣ ሥራዬ ቤት ለቤት አዛውንት መንከባከብ ነው። አራት ዓመት የተንከባከብኳቸው አንድ ሰው አምና አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ልጆቻቸው ጠርተው የአደን ጠመንጃቸውን ሰጡኝ። «ለእሱ ስጡልኝ ብሎ ነው የሞተው» አሉኝ። እኔ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ቢሰጡኝ አለቅስ ነበር። ዊንቸስተር 1885 ነች፤ አንድ ጎራሽ። ከቃታዋ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ስትገፋው አፏን ትከፍታለች፣ አንድ ታጎርሳታለህ፣ ትዘጋለች፣ በቃ። ሰደፏ ላይ ሟቹ በልጅነታቸው በሰንጢ የፈለፈሏቸው ሁለት ፊደሎች አሉ። አባታቸው በቀበቶ እንደገረፏቸው እየሳቁ ይነግሩኝ ነበር።

ችግሩ፣ በሷ መምታት አቃተኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጠመንጃ ብርቄ አይደለም። ግን በሃምሳ ያርድ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ አንዱን ጭራሽ ከወረቀቱ ውጭ። ማነጣጠሪያዋ መለወጥ አለበት ብዬ ደመደምኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ገና ስገባ «ከየት አመጣኸው?» ነበር ሰላምታቸው። ወረቀቴን ሳሳይ ልጁ ለአፍታ አገላበጣትና «የፊቱን ጉጥ፣ አፈሙዟ ላይ ያለውን ማነጣጠሪያ፣ በሞረድ ዝቅ እናደርገዋለን፤ የተሻለው ግን ላይዋን በስተን ስኮፕ፣ አጉሊ መነጽር ያለው ማነጣጠሪያ፣ መግጠም ነው» አለኝ። እንዴት እንደምተኩስ እንኳ አልጠየቀም። ሁለተኛው ባሰ። «እናስተካክላለን» ብለው ተቀብለው ስድስት ሳምንት አስቀመጧት። በደወልኩ ቁጥር «ሰኞ»። ስትመለስ የኋላው ማነጣጠሪያ ላይ አዲስ የመዶሻ ጠባሳ! ደግሞ እንደ ውለታ «ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን አዲስ ቀለም እንቀባልህ ነበር፣ ጭረት አለው» አሉኝ። ጭረት ያሉት የሟቹን ፊደሎች ነው። ከፍዬ ወጣሁ፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

ጠመንጃዬን ያዳኑልኝን እኚህን ጠመንጃ ጠጋኝ የጠቆመኝ አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኳዊ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። ጠመንጃዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ይሄንን ልብ በሉ፣ በሁለት እጃቸው። ባዶ መሆኗን አዩ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን በቀስታ ሰደፏ ላይ ካሉት ፊደሎች አሳረፉና «ይሄ ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሥራቸውን አቁመው ሰሙኝ። ስጨርስ «ይቺን ማንም እንዳይፍቅብህ» አሉ። ስለ ማነጣጠሪያው ገና አንድ ቃል አልተነጋገርንም፣ እኔ ግን ልቤ እዚያው አርፏል።

ቀጥሎ የተኮስኩባቸውን ወረቀቶች ጠየቁኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጓቸውና ሳቁ። «ማነጣጠሪያ ቢሳሳት ጥይቱ ሁሌ በአንድ ወገን ነው የሚስተው። ያንተ ግን ተበትኗል። ስንት ዓመትህ ነው?» ሃምሳ ስድስት አልኩ። ጥቁር ቴፕ ቆረጡ፣ በመርፌ በሷት፣ መነጽሬ ላይ ለጠፏት። «በቀዳዳዋ እይ።» ወገኖቼ! ለወራት እንደ ጉም የነበረችው የኋላው ማነጣጠሪያ ስንጥቅ ቁልጭ ብላ መጣች፤ የፊቱም ጉጥ፣ ማዶ ያለው ግድግዳም አብሮ። ለካ የደከመው የኔ ዓይን ነው! ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አስረዱኝ፣ ስለ ብርሃን ምናምን፣ አልገባኝም፣ አያስፈልገኝምም።

አንድ ነገር ግን ገባኝ። የፊቱ ጉጥ በሞረድ ሲያጥር ጥይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተሞረደ ደግሞ ተመልሶ አያድግም አሉኝ። ይሄን ስሰማ አባቴ ትዝ አሉኝ። ውጅግራ ነበራቸው፣ የፈረንሳዮቹ ግራ የሚባለው፣ እሷም እንደዚችው አንድ ጎራሽ። በየሳምንቱ ጋዝ በነከረ ጨርቅ ይወለውሏታል። አንድ የሰፈር አዋቂ «ላስተካክልልዎ» ብሎ አፈሙዟ ላይ ያለችውን ጉጥ ሞረደባቸው። ከዚያ ወዲያ ሚዳቋው ቆሞ ጥይቷ በላዩ ታልፋለች። አባቴ እስኪሞቱ «ሰውዬው መድኃኒት አድርጎባታል» እንዳሉ ነው። መድኃኒት አልነበረም፣ አባዬ፤ ሞረድ ነው።

ባለሙያው ደግሞ ተከታታይ ቁጥሯን ወስደው ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ላለው የጠመንጃ ሙዚየም እንድጽፍ አደረጉኝ። የድሮ የዊንቸስተር መዝገብ እዚያ ነው። መልሱ መጣ፦ በ1892 እ.ኤ.አ. ከመጋዘን የወጣች ነች፤ ከአድዋ በአራት ዓመት ትቀድማለች። በዚህ አገር ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ነው የሚቆጠረው። እና ያ ልጅ ሊበሳት ነበር! ላይዋ ላይ ያለው 38-55 የሚለው ቁጥርም፣ 55ቱ በጥቁር ባሩድ ዘመን የሚሞላው የባሩድ ልክ እንደነበር ነገሩኝ። የዛሬን ኃይለኛ ጥይት እንዳላጎርሳት አስጠንቅቀው ለሷ የሚስማማውን በወረቀት ጻፉልኝ።

ቴፑ ካሰለቸኝም፣ ከመያዣዋ ላይ ፋብሪካው ራሱ በስቶ በብሎን የደፈናቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ በዘመኗ የነበረ፣ ቀዳዳ ያለው ታጣፊ ማነጣጠሪያ እዚያ ይገባል፣ ስትፈልግ ትፈታዋለህ፣ ምንም አይቆረጥም አሉኝ። እየፈለጉልኝ ነው። የመዶሻውን ጠባሳ ግን «እሱን እንተወው፣ ብነካው ይብሳል» አሉ። የማይሆነውን አይሆንም የሚል ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ለዚህ ሁሉ ስንት ቢያስከፍሉኝ ጥሩ ነው? ላጸዱበት ሃያ ዶላር። ለቴፑ እንዲያስከፍሉኝ ብለምናቸው ቴፕ አልሸጥም አሉ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው፤ እሱን ግን ሳይግደረደሩ ተቀበሉ። ባለፈው ቅዳሜ አምስት ተኩሼ አራቱ መዳፌ ሥር ገቡ። አምስተኛዋ የኔ ችኮላ ነች።

እባካችሁ ከማስበሳታችሁና ከማስሞረዳችሁ በፊት እኚህን ሰው አሳዩ። ሩቅ ነው አትበሉ፣ ሂዱ። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልወደዱ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚሠሩት። የተኮሳችሁባቸውን ወረቀቶች አትጣሉ፣ ይጠይቋችኋል። መነጽራችሁንም ያዙ።