አድሴንስ፣ ቴሌግራም ወይስ የሰፈር ማስታወቂያ? ብሎግ ላላችሁ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ስገባ ቤቱ ባዶ ግድግዳ ነበር። ጄሶው፣ ሴራሚኩ፣ ካቢኔቱ፣ ሮቶው፣ ሁሉንም ተንከራትቼ ነው የጨረስኩት። ያንን ልፋት በብሎግ መጻፍ ጀመርኩ። አንባቢ ሲበዛ ከማስታወቂያ ገንዘብ ለማግኘት ሦስት መንገድ ሞከርኩ። ለየትኛው መድከም እንዳለባችሁ እንድትመርጡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የጎግል አድሴንስ ትልቁ ጥቅሙ ማንንም ደጅ አለመጥናታችሁ ነው። ኮዱን ገጻችሁ ላይ ታስገባላችሁ፣ ማስታወቂያውን ጎግል ያመጣል፣ ከገቢው 68 በመቶ ገደማ የእናንተ ነው። ከባዱ ገንዘቡ እጃችሁ እስኪገባ ያለው ነው። ሒሳባችሁ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ ባለ 6 አሃዝ ፒን በፖስታ ይላካል። የከተማ ዳር ነዋሪ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። እኔ መጀመሪያ የብሎክና የቤት ቁጥሬን ጻፍኩ። ሁለት ወር ጠበቅኩ፣ ምንም አልመጣም። እኛ ሰፈር ደብዳቤ በር ድረስ አይመጣማ! ከዚያ የአክስቴን የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስገብቼ ሌላ ፒን ጠየቅኩ። ሲደርስ ዳር ዳሩን ቀድደው የሚከፍቱት ትንሽ ወረቀት ነው። ቁጥሩን እዚያው ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ በስልኬ አስገባሁ። በ4 ወር ውስጥ ካላስገባችሁ ማስታወቂያው ገጻችሁ ላይ መታየቱን ያቆማል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የፖስታ ሣጥን ፈልጉ።

ክፍያ የሚጀመረው ደግሞ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። በሐምሌ 2016 ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ከ10,000 ብር በላይ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ግን ቶሎ አይሞላም። የማስታወቂያው ዋጋ በጨረታ ነው የሚወሰነው። አሜሪካ ያለ አንባቢ ላይ ብዙ ድርጅት ይሻማል፣ አራብሳ ያለው ላይ ግን ተጫራቹ ጥቂት ነው። ዳያስፖራው የሚፈልገውን ወይም በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ አድሴንስ ያዋጣችኋል። በአማርኛ ከሆነ አስቀድማችሁ አድሴንስ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር እዩ። ጓደኞቻችሁንም «ማስታወቂያውን ጠቅ ጠቅ አድርጉልኝ» እንዳትሉ፣ አካውንታችሁ ይዘጋል።

ቴሌግራም ላይ ብዙ አልቆይም። ከመጋቢት 2016 ጀምሮ 1,000 ተከታይ የሞላው ቻናል ከማስታወቂያው ገቢ ግማሹን ያገኛል። ክፍያው ግን ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል፤ እኔ በዚህ አልገባበትም። ቻናሌን አዲስ ጽሑፍ ሳወጣ አንባቢ ለመጥራት ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ልቤ ያለው ሦስተኛው ጋ ነው፤ በቀጥታ ከሰፈር ባለሙያ ጋር መዋዋል። የመጀመሪያ ደንበኛዬ በረንዳዬን የሠራልኝ አሉሚኒየም ሠሪ ነበር፤ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው። ወርሃዊ ዋጋውን ስነግረው የሚቆርጠውን ብረት አስቀመጠና፣ «እህቴ፣ ማንም ሳይደውል ቢቀርስ?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነበር። «ጋሼ፣ አዲስ ሲም ካርድ ያውጡ፤ ጽሑፌ ላይ የማወጣው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። እሱ ከጠራ ከእኔ ጋ የመጣ ሰው ነው» አልኩት። የመጀመሪያውን ወር በግማሽ ዋጋ ተስማማን። በሦስት ሳምንት 7 ሰው ደወለ፣ ሁለቱ በረንዳቸውን አሠሩ። የሁለተኛውን ወር ሙሉ ክፍያ ሳልጠይቀው በቴሌብር ላከልኝ። ፒን የለ፣ 100 ዶላር መጠበቅ የለ።

ድካሙ ግን የራሳችሁ ነው። ትዞራላችሁ፣ ታስረዳላችሁ፣ ክፍያ ሲዘገይ ታስታውሳላችሁ። ሥራውን በዓይኔ ያላየሁትን ባለሙያ አላስተዋውቅም፤ ባለሙያው የጎረቤቴን ገንዘብ ቢበላ ከጎረቤቴ ጋር የምንገናኘው ደረጃ ላይ ነው። የተከፈለበት ጽሑፍ ከሆነም ከላይ «ማስታወቂያ» ብዬ እጽፋለሁ።

ስለዚህ አንባቢያችሁ የሰፈር ሰው ከሆነ ከዚህኛው ጀምሩ፣ አድሴንሱን ጎን ለጎን አስኪዱት። ጠርብ፣ ቀለምና ሴራሚክ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ይሻላሉ፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ንግድ ፈቃድና ቲን እስክታወጡ ይቆዩ።