በቤተስዳ ላገዙን የምርምር ነርስና አስተርጓሚ የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ክሊኒካል ሴንተር አፕላስቲክ አኒሚያ በተባለ የደም ሕመም ለምትታከመው እህታችን የጥናቱን ሂደት በትዕግሥት ላስረዱት የምርምር ነርስ እና ለአማርኛ አስተርጓሚዋ ቤተሰባችን ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል። ስማቸውን ያልጠቀስኩት ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው።

ሕመሙ የአጥንት መቅኔ በቂ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን እንዲሁም ደም እንዲረጋ የሚረዱ ፕላትሌቶችን ማምረት ሲሳነው የሚከሰት ነው። የእኛ የወንድሞቿ መቅኔ ለንቅለ ተከላ ስላልገጠመላትና የመጀመሪያው ሕክምና በቂ ለውጥ ስላላመጣላት ሐኪሟ ወደ ክሊኒካዊ ሙከራ ሲልኳት፣ እናታችን «ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው» ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ነርሷ ይህን ሲሰሙ ቅር አልተሰኙም፤ የፈቃድ ቅጹን ገጽ በገጽ አነበቡልን፣ አስተርጓሚዋም በየመሐሉ «እማማ፣ ያልገባዎት ካለ ልድገምልዎት?» እያሉ ቀጠሉ። እናታችን ባዶ ክኒን ይሰጧት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ በዚህ ጥናት ሁሉም ታካሚ መድኃኒቱን እንደሚያገኝ፣ እህታችን በፈለገች ጊዜ ማቋረጥ እንደምትችል፣ ነገር ግን መድኃኒቱ ላይሠራ እንደሚችልና ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው ደሟ እንደሚመረመር ሳይሸፋፍኑ ነገሩን።

ይበልጥ ያሳመነን በዚያው ተቋም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ ሌላ ሙከራ ነው። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ኤ ቲ ጂ የተባለ መድኃኒት ከፈረስም ከጥንቸልም ይዘጋጃል፤ የጥንቸሉ ይሻላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ120 ታካሚዎች ላይ ሲነጻጸሩ በስድስት ወር ውስጥ የፈረሱን ከወሰዱት 68 በመቶው፣ የጥንቸሉን ከወሰዱት 37 በመቶው ብቻ ለሕክምናው ምላሽ ሰጡ። ሙከራው ባይደረግ ሐኪሞች በግምት ደካማውን ሊያስቀድሙ ይችሉ ነበር። እናታችንም «ፈረስማ መቼ አሳፍሮን ያውቃል» ብለው ሳቁ፤ ውሳኔውና ፊርማው የእህታችን ቢሆንም ምርቃታቸው ተጨመረበት።

ውጤቱ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ለእህታችን ግን ፕላትሌቷ ከፍ ብሎ ደም መውሰድ ካቆመች ወራት አልፈዋል።

ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ቤተሰብ፣ ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃውን ወደ ተቋሙ የደም ሕመም ክፍል እንዲልክለት እንዲጠይቅ እመክራለሁ። በጥናቱ ለተካተተ ታካሚ እዚያ የሚሰጠው ሕክምና ከክፍያ ነጻ ነው፤ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይመደባል። ዘመድ ሲያስተረጉም አስደንጋጩን ማለዘቡ ስለማይቀር፣ ገና በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።