የንግድ ሙዚቃ ሬዲዮ፣ ስትሪሚንግ ወይስ የራስ ፋይል? ጆሯችሁን ለማን ትሰጣላችሁ

ሬዲዮ በነጻ ነው። ስትሪሚንግ፣ ማለትም ዘፈንን በኢንተርኔት እያስመጡ መስማት፣ በየወሩ ከኪስ ያስወጣል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምርጫው ቀላል ነበር፤ ግን የንግድ ሬዲዮ ሂሳቡን የሚቀበለው ከጊዜያችሁ ላይ ነው። በብዙ ጣቢያዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማስታወቂያ ይተላለፋል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በወር 10 ሰዓት ያህል ስለ ሳሙናና ስለ ባንክ ሲነገረው ይውላል ማለት ነው።

ታዲያ አሁንም መስማት ያዋጣል? ለሙዚቃው ብላችሁ ከሆነ፣ በእኔ እይታ አያዋጣም። ማይኩ ፊት ተቀምጦ ለሚያወራው ሰው ብላችሁ ከሆነ ግን እሱን የሚተካ ነገር እስካሁን አላየሁም። ችግሩ፣ ያ ሰው በብዙ ጣቢያዎች ላይ አሁን የለም።

የንግድ ሬዲዮ

እ.ኤ.አ. በ1922 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደብሊውኢኤኤፍ የሚባል የኒውዮርክ ጣቢያ ለአንድ አፓርትመንት ሻጭ ኩባንያ የአየር ሰዓት ሸጠ። ከዚያ ወዲህ የንግድ ጣቢያ ደንበኛ አስነጋሪው ነው። እኛ አድማጮቹ ተቆጥረን የምንሸጥ ነን። አቆጣጠሩም የራሱ ብልሃት አለው። አሜሪካ ውስጥ አድማጭ የሚለካው በሩብ ሰዓት ነው፤ ከ15ቱ ደቂቃ 5ቱን (ከ2025 ወዲህ በመሣሪያ በሚለካባቸው ከተሞች 3ቱን) ካዳመጣችሁ ሙሉውን እንዳዳመጣችሁ ለጣቢያው ይያዝለታል። ስለዚህ ጣቢያው የአንዱን ሩብ ሰዓት መጨረሻና የቀጣዩን መጀመሪያ በዘፈን ያሻግራችኋል፣ ማስታወቂያውን ደግሞ ሰብስቦ መሃል ላይ ያጭቀዋል። ማስታወቂያ ሸሽታችሁ ጣቢያ ስትቀይሩ እዚያም ማስታወቂያ የሚቀበላችሁ ለዚህ ነው። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ሂሳብ ነው።

ድግግሞሹም እንዲሁ በስሌት የመጣ ነው። ቶድ ስቶርዝ የሚባል የኦማሃ ጣቢያ ባለቤት ጥቂት ተወዳጅ ዘፈኖችን እያሽከረከሩ ማጫወትን በ1950ዎቹ አስፋፋ፤ ዛሬም ትኩስ ዘፈን የሚባለው በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይመለሳል። ዘፈኑን የሚመርጠው ዲጄው ከመሰላችሁ ደግሞ ያ ከቀረ ቆይቷል። በ1979 የተመሠረተው አርሲኤስ የተሰኘ ኩባንያ ሴሌክተር የሚባል ሶፍትዌር ካመጣ ወዲህ የብዙ ጣቢያዎችን ተራ የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ40 ጣቢያ በላይ እንዳይይዝ የሚከለክለውን ገደብ አነሳ። ክሊር ቻናል የሚባል ኩባንያ ከ1,000 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። አንድ አቅራቢ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን ቀድቶ ይሄዳል፣ በዘፈኖቹ መሃል እየተሰካ ብዙ ከተማ ላይ ይሰማል። ላይቭ ይመስላል፣ አይደለም።

የእናንተ ጣቢያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። አንድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት የተጫወቱትን ዘፈኖች ስም ጻፉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ጻፉና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ግማሹ ከተመሳሰለ መልሱን አገኛችሁ። አቅራቢውንም አድምጡት። አሁን እየጣለ ስላለው ዝናብ ያወራል? ስልክ ደውሎ ከተሟገተው አድማጭ ጋር ይሳሳቃል? ስሙን ሲሳሳት ያርማል? ሰውየው አለ ማለት ነው፣ አትልቀቁት። «ደስ የሚል ቀን ይሁንላችሁ፣ ከእኛ ጋር ቆዩ» ብቻ ከሆነ ግን የትም ከተማ፣ የትኛውም ቀን ላይ የሚሠራ ቅጂ ነው።

የድምፅ ጥራቱ ላይ ሬዲዮን ብዙም አልወቅስም። ኤፍኤም እስከ 15 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ያደርሳል፤ መኪና ውስጥ ለሚሰማ ሰው ይበቃዋል። የሚያናድደኝ ጣቢያዎቹ ድምፁን የሚያጠብቁበት መሣሪያ ነው። ዘፋኙ በሹክሹክታ የጀመረውን ከጩኸቱ ጋር እኩል ያደርገዋል። የሙዚቃው ሙድ እዚያ ላይ ይሞታል።

ስትሪሚንግ

የፈለጋችሁትን ዘፈን፣ በፈለጋችሁበት ሰዓት። ይህን ማንም ሬዲዮ አይችለውም። ከፍላችሁ ስትሰሙ ማስታወቂያ የለም፣ አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክም ታዳምጣላችሁ። በነጻው በኩል ግን ማስታወቂያው ተከትሏችሁ ይመጣል፤ ያኔ ከሬዲዮው የሚለየው ዘፈን የመምረጡ ነገር ብቻ ይሆናል።

ዳታውን አስሉት። ስፖቲፋይ ላይ በሰከንድ በ320 ኪሎቢት ስትሰሙ አንድ ሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። በ96 ካደረጋችሁት 43 ይሆናል፤ መንገድ ላይ፣ ጫጫታ ውስጥ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ብርቅ ነው። ጥራቱ ያልቀነሰ ለሚባለው ድምፅም ብላችሁ አትጨናነቁ። አፕል ሚውዚክ ከ2021 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል፣ ግን በተለመደው ብሉቱዝ ማዳመጫ ስትሰሙት ድምፁ መንገድ ላይ ተጨምቆ ነው ጆሯችሁ የሚደርሰው።

አሁን ወደ ማይወራው። ዘፈን ስለሚጠቁማችሁ የኮምፒውተር ቀመር «አልጎሪዝም አያዳላም፣ ጉቦ አይበላም» የሚሉ አሉ። ዘፈን ለማስጫወት ለዲጄ በድብቅ መክፈል አሜሪካ ውስጥ በ1960 በሕግ ወንጀል ሆኗል። ስፖቲፋይ በበኩሉ በ2020 አንድ አሠራር አስተዋወቀ፤ የዘፈኑ ባለመብት ከክፍያው ላይ ቅናሽ ከተቀበለ ዘፈኑ በአንዳንድ የጥቆማ ዝርዝሮች ላይ የበለጠ ይገፋለታል። በግልጽ የተነገረ ስለሆነ ጉቦ አልለውም። ግን «ይህን ሳትወዱት አትቀሩም» ብሎ የሚያመጣላችሁ ሁሉ ለእናንተ ጣዕም ብቻ ተብሎ እንዳልመጣ እወቁ። ሌላም አለ፤ አልጎሪዝሙ የወደዳችሁትን መንትያ እያመጣ ያከርማችኋል። ጥሩ ዲጄ ግን አንዳንዴ የማትወዱትን ያጫውትባችኋል፣ ከሳምንት በኋላ ያንን ዘፈን ስታንጎራጉሩት ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

የራስ ፋይል

ዓመቱን ሙሉ የምትሰሙት እነዚያኑ ሁለት መቶ ዘፈኖች ከሆነ ወርሃዊ ክፍያ ለምን? አንዴ ግዙት፣ የእናንተ ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን በ320 ኪሎቢት 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ከ3,000 በላይ ይይዛል። ስትሪሚንግ ላይ ግን ክፍያው የተቋረጠ ቀን ያወረዳችሁትም ይቆለፋል።

ለዘፋኙም የሚሻለው ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ የአየር ሬዲዮ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው እንጂ ለዘፋኙ አይከፍልም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አቁሟል። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ አንድ አልበም ስትገዙ ግን አብዛኛው ገንዘብ ለአርቲስቱ ይደርሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አራተኛው

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህን ነው፦ ማስታወቂያ የማይሸጡ የሙዚቃ ጣቢያዎችን በኢንተርኔት መስማት። የፈረንሳይ መንግሥታዊ ሬዲዮ አካል የሆነው ፊፕ ከ1971 ጀምሮ ከጃዝ ወደ አፍሪካ ሙዚቃ፣ ከዚያ ወደ ክላሲካል ሳያደናቅፍ ያሻግራችኋል። ሬዲዮ ፓራዳይዝ በ2000 የተጀመረ በአድማጮች መዋጮ የሚኖር ጣቢያ ነው፤ ጥራቱ ያልቀነሰ ድምፅም ያስተላልፋል። ሶማኤፍኤምም እንዲሁ በመዋጮ ይኖራል። የቢቢሲው ሲክስ ሚውዚክ በ2010 ሊዘጋ ታቅዶ አድማጮቹ ተነስተው አስቀርተውታል፤ ለስንቱ የንግድ ጣቢያ ነው ሰው እንዲህ የሚነሳለት? ወጪው ዳታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሙዚቃውን የሚመርጥ ሰው አለ።

እንግዲህ ለማን ምን ይሻላል

ሹፌር ከሆናችሁና ላይቭ የሚያወራ አቅራቢ ካገኛችሁ ኤፍኤሙ ይበቃል። የመንገድ ወሬ፣ የከተማው ሳቅ፣ ዳታ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ፣ ምን እንደሰማችሁ የሚመዘግብም የለ። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ የምትኖሩም በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ፤ ይህ ከሙዚቃም በላይ ነው። አልበም ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው ስትሪሚንግ ይክፈል፤ ብዙ ከሆናችሁ የቤተሰብ ፓኬጁ ይሻላል። የድሮ ዘፈን ወዳጅ ፋይሉን ይግዛ። አዲስ ነገር የተራበ አራተኛውን ይሞክር።

ሬዲዮ ለመግዛት የወሰናችሁ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። የምትኖሩበት አገር ወደ ዲጂታል ዞሮ ከሆነ ኤፍኤም ብቻ የሚይዝ ዕቃ ኪሳራ ነው፤ ኖርዌይ በ2017 አገር አቀፍ የኤፍኤም ሥርጭቷን ዘግታለች። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮውን ከፍታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። የጃፓን ኤፍኤም የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርዝ ነው፣ ብዙዎቹ የቆዩ ሬዲዮዎችም 90 ላይ ይቆማሉ፤ በአብዛኛው ሌላ አገር ግን ጣቢያው ያለው ከ87.5 እስከ 108 ነው። ሞገዱን የሚያሸጋግር ትንሽ ዕቃ አንቴናው ላይ ይገጠማል። ዋጋውን መኪናው ላይ ስትከራከሩ አብራችሁ አስገቡት።