ኒው ኡልም ወይስ አማና? የጀርመን ስደተኞችን ቅርስ ለማየት የቱ ይመረጣል?

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የጀርመን ስደተኞች የቆረቆሯቸውን የገበሬ ከተሞች ለማየት ፈልጎ ለአንድ ጉዞ ብቻ ጊዜ ያለው ሰው፣ የሚኒሶታዋን ኒው ኡልምና የአዮዋዎቹን ሰባት የአማና መንደሮች ቢያነጻጽር መልካም ነው።

ርቀት፦ ኒው ኡልም ከሚኒያፖሊስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ስለምትርቅ፣ በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደርሶ መልስ መንገድ ናት። አማና ግን ከዚያ ለሚነሣ ሰው አዳር ይጠይቃል፤ መንደሮቹም የተራራቁ ናቸው።

ታሪክ፦ ኒው ኡልም እ.ኤ.አ. በ1854 የተመሠረተች ሲሆን፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ዳኮታዎች ከሰፋሪዎቹና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተዋጉበት በ1862ቱ የዳኮታ ጦርነት ሁለት ጊዜ ጥቃት ደርሶባታል። ሰፋሪዎቹ የያዙት መሬት የዳኮታ ሕዝብ ስለነበር፣ ይህን ሳያውቁ ከ1860 ጀምሮ የሚሠራውን የሼል ቢራ ፋብሪካ ብቻ ጎብኝቶ መመለስ ቅርሱን በግማሽ እንደማየት ነው እላለሁ።

በአማና በአንድ እምነት የተሳሰሩ ቤተሰቦች ከ1855 እስከ 1932 ድረስ መሬቱን በጋራ ይዘው፣ በጋራ ማዕድ ቤት የተዘጋጀውን አብረው ይመገቡ ነበር። ጸሎት ቤቶቻቸው መስቀልም ሆነ ባለቀለም መስታወት የላቸውም፤ ምእመናኑ፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላው ሆነው፣ ቀለም ባልነካው የእንጨት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ዝምታ ያለበት ክፍል ነው።

ልጆች ይዞ በአንድ ቀን ለሚመለስ ኒው ኡልም ትመቻለች፤ ሮማውያንን ድል ያደረገው የጥንቱ የጀርመን ጦር መሪ የሄርማን ሐውልት ላይ መውጣት ከፈለገ ግን በአሜሪካ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ይሂድ። የስደተኞቹን የዕለት ኑሮ በእርጋታ ማጥናት ለሚሻ አማና ይሻለዋል።